በክንፈ ፋይል ውስጥ ያገኘሁት ስሜ

ስሜን በእንግሊዝኛ ታይፕ ተደርጎ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በትራፊክ ቅጣት ላይ፣ በመብራት ቢል ላይ፣ በዜግነት ወረቀቴ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሆስፒታል ተኝቼ እጄ ላይ በታሰረልኝ ፕላስቲክ ላይ። አንዱም አስደንግጦኝ አያውቅም። ባለፈው እሑድ ግን ከቅዳሴ መልስ፣ ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ ባለው ቤቴ ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ መጋዘን ውስጥ የከረመ አንድ ወረቀት ላይ ስሜን ሳይ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ቆምኩ። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም፤ መሄጃ አልነበረኝም። መነጽሬን አወለቅኩ፣ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩት፣ መልሼ አደረግኩት። ስሜ አሁንም እዚያው ነበረ።

ወረቀቱ የአሜሪካ ጦር ወረቀት ነው። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «የወታደሩ ተጠሪ የሆኑት ሚስተር ሙሉጌታ በስልክ ተጠይቀው፣ የወታደሩ እናት በሕይወት እንዳሉና ጤነኛ እንደሆኑ አረጋግጠዋል።» ሚስተር ሙሉጌታ እኔ ነኝ። ወታደሩ ጓደኛዬ ክንፈ ነው። የክንፈ እናት ደግሞ ያን ዕለት ከተቀበሩ ሳምንታት አልፈዋል። ይህን ዳላስ ውስጥ ከማንም ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ።

ወረቀቱን ያመጣችልኝ የክንፈ ልጅ ማህሌት ናት፤ ባለቤቴ የክርስትና እናቷ ናት። ሪቻርድሰን አንድ የቴሌኮም ኩባንያ ውስጥ ትሠራለች። ነገሩ የተጀመረው በልጇ ትምህርት ቤት ነው። ኖቬምበር ላይ የቀድሞ ወታደሮች ቀን ሲከበር ልጆቹ የዘመዶቻቸውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ የማህሌትም ልጅ የአያቷን የዩኒፎርም ፎቶ ከአልበም አውጥታ ለጠፈች። ክንፈ ይህን ሲሰማ፣ ግሬፕቫይን ከሚሠራበት ሆቴል ፈቃድ ጠይቆ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደና ፎቶው እንዲነሣለት ለመነ። ማህሌት አፋጠጠችው። በዚያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጦሩ የወጣው በክብር እንዳልሆነ የነገራት። መሰናበቻው ላይ ያለ ፈቃድ ከክፍሉ ቀረ፣ ደግሞም ከዘመቻ ለመቅረት ሲል እናቴ ሞተች ብሎ ሐሰተኛ ቃል ሰጠ ተብሎ ተጽፏል።

እንዲህ ያለ መዝገብ ያለበት ሰው የሚያመለክትበት ቦርድ አለ። ስሕተት ወይም በደል መኖሩን ካስረዳህ መዝገብህን ያርሙልሃል። ማህሌት ሙሉ ፋይሉን ጽፋ ጠየቀች፣ ወራት ወስዶ መጣላት። ከአገር ቤትም የአያቷን የቀብር ማስረጃ ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አስወጣች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ጋሼ ሙሌ፣ እኔ ጀጅ አላደርግም፤ ማለቴ፣ ብሌም አላደርግም» አለችኝ ዓይኔን እያየች። «ግን ይሄ ፔጅ እያለ እኛ ምን ብንልክ ቦርዱ አያምንም። ለምን ነው እንደዚህ ያሉት? ዳድ እዚህ እንደመጣሁ አያውቅም።»

 እኔ ስለ ማስታወስ ማንም የማያማኝ ሰው ነኝ። ማኅበር ላይ «የድሮውን ሙሌ ይንገረን» ነው የሚባለው። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር በታች የነበረበትን ዘመን፣ ወደ አገር ቤት አንድ ደቂቃ ለማውራት የግማሽ ቀን ደሞዝ ይወጣ የነበረበትን ዘመን፣ ሰው ሲጠይቀኝ ሳላስብ ነው የማወራው። ምሥራቅ ዳላስ ለአራት የተከራየናትን አፓርታማ አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እዞራታለሁ። ምንጣፏ የተልባ ቀለም ነው፤ በመስኮቱ በኩል ፀሐይ አንጥቶታል። ስልኩ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ ሽቦው ረጅም ስለነበር እያወራን መታጠቢያ ቤት ድረስ ይዘነው እንገባ ነበር። ጥጉ ላይ በሳንቲም የሚሠራ የልብስ ማጠቢያ ቤት አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአፓርታማው ወጥተን የምንገናኘው እዚያ ነው። ስቶን ዎሽ ጂንስ የለበሰ፣ ትከሻው ስፖንጅ ያለበት ጃኬት የደረበ ሐበሻ ሁሉ የቆሸሸ ልብሱን በትራስ ልብስ ቋጥሮ ይመጣል። አንዱ ቴፕ ይይዛል። ካሴቱ የቅጂ ቅጂ ከመሆኑ የተነሣ ዘፋኙ ከውኃ ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል፤ ቢሆንም ማድረቂያው እየተሽከረከረ እኛ እስክስታ እንወርዳለን። ሜክሲኮዎቹ ሴቶች ያጨበጭቡልን ነበር።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማስታወሴ ምስክር እንዲሆን ነው። የልብስ ማጠቢያውን ቤት ሽታ ሳይቀር የማስታውስ ሰው ያንን የስልክ ጥሪ ረስቼው ነበር። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ረስቼው ነበር።

ከአራታችን ግሪን ካርድ የነበረው ክንፈ ብቻ ነው፤ በሱዳን በኩል በስደተኝነት ተመዝግቦ ነው የመጣው። እኔና ሁለቱ ጥገኝነት ጠይቀን የምንጠብቅ ነበርን። የወታደር መመልመያው ቢሮ ከዶናት ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነበር፤ ክንፈ ዶናት ሊገዛ ወጥቶ ወታደር ሆኖ ተመለሰ እያልን ስንት ዓመት ስቀንበታል። ሲያምርበት ግን! ካምፑ ከዳላስ የሦስት ሰዓት መንገድ ያህል ነው። ፈቃድ ሲያገኝ ዓርብ ማታ በዚያች ቡናማ ዳትሰን መኪናው ከች ይላል፤ ሱሪውን በስታርች ተኩሶ፣ ጫማው ፊት እያሳየ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እናቶች «የኛ ልጅ» እያሉ ትከሻውን ይዳስሱት ነበር። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ከፈረንጆች በሰዓት የተከራየናት አንዲት አዳራሽ ነበረች፤ ማኅበረሰቡም በሁለት ትልልቅ ቫን የሚጠቃለል ነበር።

ክፍሉ ወደ ኩዌቱ የበረሃ ጦርነት ሊዘምት ሲሰናዳ ነው ደብዳቤው በእኔ ስም የመጣው። የክንፈ ታላቅ ወንድም ነው የጻፈው። «እናታችን አርፋለች። ለክንፈ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፤ ሰው ሰብስባችሁ፣ አዘጋጅታችሁ አርዱልኝ። አደራ።» ደብዳቤውን ይዤ አቶ ደምሴ ጋ ሄድኩ። አቶ ደምሴ ነፍሳቸውን ይማረውና የሁላችንም አባት ነበሩ። ቁጭ ብለው አሰቡበትና ወሰኑ። ክንፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈቃድ አለው፤ ዓርብ ይመጣል፣ ቅዳሜ ይረፍ፣ እሑድ በማለዳ እንነግረዋለን። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ትክክል ነበሩ። መርዶ እንደዚያ ነው። ልጁን በጠመንጃና በቡት ጫማ መካከል፣ ማንም በማይደግፈው ቦታ አቁሞ እናትህ ሞተች ማለት ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?

ቨርጂኒያ የምትኖር፣ አሜሪካዊ ያገባች የአክስቱ ልጅ ነበረች። እሷ ደግሞ ዜናውን ስትሰማ ባሏ እንዳስተማራት አደረገች፤ በሕጋዊው መንገድ ለጦሩ መልእክት ላከች። እዚህ አገር ወታደር እናቱ ስትሞት መልእክቱ ይጣራና አስቸኳይ ፈቃድ ይሰጠዋል። ለማጣራት የተሰጣቸው የዳላስ ስልክ ደግሞ የእኛ ነው።

አሁን ማህሌት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣ። ማክሰኞ ነበር። ከፓርኪንግ ሎት ሥራዬ ገብቼ ሳህን እያጠብኩ ነው። ስልኩን በእርጥብ እጄ አነሣሁት። ሳጅን ነኝ አለኝ ሰውየው፣ ድምፁ ትሁት ነበር። የክንፈ እናት ሞተዋል የሚል መልእክት ደርሶናል፣ ልታረጋግጥልኝ ትችላለህ? አለኝ።  የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ አዎን ካልኩ ይህ ሰው ስልኩን ዘግቶ ክንፈን ቢሮው ይጠራዋል፣ ቀጥ አድርጎ ያቆመውና ይነግረዋል።

«ኖ ሰር» አልኩት። «እናቱ ደኅና ናቸው። በጣም ጤነኛ ናቸው። ሌላ ቤተሰብ ይሆናል።»

አመስግኖኝ ዘጋ። ማታውኑ ለአቶ ደምሴ ነገርኳቸው። መረቁኝ! «አንተ ልጅ አስተዋይ ነህ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ከጭንቅላቴ ወጣ፤ እሳት እንዳጠፋ ሰው እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ክንፈ ለእናቱ ካሴት ሞላ። ያን ጊዜ ደብዳቤ ለመጻፍ የሰነፈ ሁሉ ድምፁን ቀድቶ ነበር የሚልከው። ምንጣፉ ላይ ተንጋሎ «እማዬ፣ ትንሽ ራቅ ወዳለ አገር ልሄድ ነው፣ አታስቢ፣ የሚያበሉን ሥጋ ነው» እያለ ያወራል። ከዚያ ቴፑን ወደ እኔ ገፋው። «በል አንተም ሰላም በላት» አለኝ። እኔም አልኩ። «እማማ፣ እንደምን ከረሙ? ልጅዎ ወፍሯል፣ ሆዱን ቢያዩት» አልኩና ሳቅኩ። ይህንንም ረስቼው ነበር። አንዱ ሲመጣ ሌላውን ይዞ መጣ። ማህሌት ፊት እንደተቀመጥኩበት እንደዚያ ቀን በራሴ ደንግጬ አላውቅም። የገዛ እጄን አየሁት፣ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

እሑድ ገና ሊነጋጋ ሲል አቶ ደምሴና ስምንት ሰው ነጠላ አጣፍተው በሩን አንኳኩ። ክንፈ በሩን ከፍቶ ሲያያቸው ገባው፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጮኸ። እንደ ወጉ ያዝነው፣ አብረነው አለቀስን፣ ፍራሽ አነጠፍን። ቫን ሙሉ ሰው እየመጣ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ክንፈ ራሱ ወደ ካምፑ ደወለና እናቴ ሞታለች አላቸው። በአስቸኳይ ተመለስ አሉት። «ቢያንስ ሦስተኛው ቀን ይውጣ» አሉ ሽማግሌዎቹ። ሦስተኛው ሰባተኛ ሆነ፤ ልጁ እህል አልቀምስ ብሎ ቆሞ መሄድ አቅቶት ነበር። በዘጠነኛው ቀን ሲመለስ ክፍሉ ተሳፍሮ ሄዷል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ስለቀረ አባረሩት። ይህንንም እየደጋገምኩ ነግሬዋለሁ። በሠርጉ ማግስት፣ ማህሌት ክርስትና ስትነሣ፣ አንድ ጊዜ በሀይዌይ 183 ጎማ ፈንድቶብን የጎታች መኪና ስንጠብቅ ሁሉ፦ «ምን ነበረበት ሰኞ ብትመለስ! ይኼኔ ጡረታህን እየበላህ ነበር።» ክንፈ «እሺ» ብቻ ይላል። አንድ ቀን እንኳ ከ«እሺ» ያለፈ ነገር ወጥቶት አያውቅም።

እኔ አሁን የእድራችን ሰብሳቢ ነኝ። በዳላስና በአካባቢው ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነው። ዛሬ መርዶ ድሮ ቀርቷል፤ እኛ ሰው አሰባስበን ፓርክ እስክናደርግ ልጁ ፌስቡክ ላይ የአባቱን ፎቶ ከሻማ ጋር አይቶታል። ወጣቶቹን እቆጣቸዋለሁ። «የኛን ወግ ገደላችሁት» እላለሁ፣ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ማይክሮፎን ይዤ። ማህሌት ከሄደች በኋላ ይህ ድምፄ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ዋለ።

በማግሥቱ ፋይሉን ይዤ ግሬፕቫይን ሄድኩ። ክንፈ ከኤርፖርት እንግዳ ያደርሳል፤ በምሳ ሰዓቱ የሆቴሉ ሻትል መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሳንድዊች ሲበላ አገኘሁት። ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥኩና ገጹን ጭኑ ላይ አደረግኩለት። አላነበበውም። ሳንድዊቹን ጠቅልሎ አስቀመጠ።

«ማሂ ናት የሰጠችህ?»

«ክንፈ፣ ይህን ታውቅ ነበር?»

«ፊት ለፊቴ አንብበውልኛል እኮ» አለ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሁሉ። «ያኔውኑ። ሲያጣሩብኝ።»

 ሠላሳ ምናምን ዓመት! ሠርግ በልተናል፣ ልጆች አሳድገናል፣ በየበዓሉ ከአንድ ገበታ ቆርሰናል። «ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም? ዋሽቶ ነው፣ ወጋችን ነው፣ ሊደብቀኝ ነው አትላቸውም?»

«ቀጣዩን ገጽ አላነበብክም?»

አላነበብኩም ነበር። የራሴ ስም በቅቶኝ ነበር። ገለጥኩት። በመሐላ የተሰጠ ጥያቄና መልስ ነው።

«ሚስተር ሙሉጌታ ዋሽተዋል እያልክ ነው?» ይላል ጠያቂው መኮንን።

«አይደለም ጌታዬ። ሚስተር ሙሉጌታ አይዋሽም።»

«ታዲያ እናትህ ሞተዋል ወይስ አልሞቱም?»

ከዚህ በታች አንድ መስመር ብቻ አለ። ወታደሩ መልስ አልሰጠም ይላል።

ደጋግሜ አነበብኩት። በመስኮቱ በኩል አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ፤ ሻትሉ ተንቀጠቀጠ። 

«ኢንተርቪውህ እኮ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው» አለ ክንፈ። «የአሳይለሙ፣ የጥገኝነትህ። ለአሜሪካ ጦር የዋሸ ሰው ነው ብለው ለኢሚግሬሽን ቢያስተላልፉብህስ? ያን ጊዜ አገር ቤት ብትመለስ ምን እንደሚጠብቅህ አንተም እኔም እናውቃለን። ኦኬ፣ እኔን ምን ያደርጉኛል? ዩኒፎርሙን ያስወልቁኛል። ግሪን ካርዴን አይወስዱትም። ሶ፣ አሰብኩና ዝም አልኩ።»

«ከዚያ በኋላስ? ወረቀቴን ካገኘሁ በኋላስ?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? ሰው ሰብስቤ፣ በማለዳ በርህን አንኳኩቼ?» ብሎ ሳቀ። የእውነት ሳቁን ነው የሳቀው።

እኔ አለቀስኩ። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የእድር ሰብሳቢ ነኝ፣ የሆቴል ሻትል ውስጥ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ባለቤቴን ያመጣሁት በዚያ የጥገኝነት ወረቀት ነው። ልጆቼ እዚህ የተወለዱት በዚያ ወረቀት ነው። ቤቴ፣ ጡረታዬ፣ መድረክ ላይ የምጮኽበት ማይክሮፎን ሁሉ የመጣው ክንፈ ያን ቀን ከዋጠው መልስ ነው። እኔ ደግሞ ሰኞ ብትመለስ ኖሮ እያልኩ ስመክረው ኖሬያለሁ።

«አሁን እጽፋለሁ» አልኩት። «ዋሽቻለሁ ብዬ በፊርማዬ እሰጣለሁ።»

«ማሂንም ተዪው ብያታለሁ። አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ስምህ...»

«ስሜን ተወው!»

 ከዚያ ፈገግ አለና፣ «ታውቃለህ፣ አንተ ዋሽቻለሁ ብለህ ከጻፍክ እኮ በመሐላ የዋሸሁት እኔ ልሆን ነው» አለ።

 ሳንድዊቹን መልሶ አነሣው፣ ግን አልበላውም። እያየሁት ፊቱ ተለወጠ። ያን ፊት ከዚያች እሑድ ማለዳ ወዲህ አላየሁትም።

«ጡረታ ምናምን አልፈልግም» አለኝ። «አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሳኛል። እናቱን በውሸት ገደላት ብለው ነው የጻፉብኝ። እናቴ ላይ። እሱ ብቻ ይነሣልኝ። ጻፈው፣ ሙሌ።»

ማህሌት ቃሌን በእንግሊዝኛ አሰማምራ ታይፕ አድርጋ መጣች። «በባህል ልዩነት የተነሣ በተፈጠረ አለመግባባት» ይላል አጀማመሩ፤ ሎየር ያየው ነው አለችኝ። ጥሩ ልጅ ናት፣ እኔን ልትሸፍን ነው። አለመግባባት አልነበረም። ሳጅኑ በሚገባ ጠይቆኛል፣ እኔም በሚገባ ገብቶኝ ነበር። ወረቀቷን ከአክብሮት ጋር መለስኩላትና በራሴ እጅ፣ በራሴ እንግሊዝኛ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ቦርዱ ምን እንደሚወስን አላውቅም፤ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል አሉ። ስለ ወጋችን፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ካሴቱ፣ ስለ ዘጠኙ ቀን ሦስት ገጽ ጻፍኩ። የመጀመሪያዋ መስመር ግን ግማሽ ቀን ፈጀችብኝ። ደጋግሜ ሰርዤ፣ ደጋግሜ ጽፌ፣ በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ተውኳት፦

«ስሜ ሙሉጌታ ነው። ክንፈ ስለ እኔ የነገራችሁ እውነት አልነበረም።»